ጭራ የሌለው ጊንጥ ከዘጌ ቅጠል ሥር፦ ማጥለያው ለምን ባዶ ወጣ?

መምህርት ዘዳንግላ

እንደምን ዋላችሁ። ዘጌ ውስጥ ቡናው ከሚበቅልበት ጥላ ሥር የረገፈው ቅጠል ገለጥ ሲደረግ ጊንጥ የሚመስል ትንሽ ፍጥረት ይገኛል፤ ጭራ ግን የለውም። ሁለት የጤፍ ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል ርዝመቱ ያ ነው። ሁለት ረጃጅም መቆንጠጫዎቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በስንጥር ነካ ሲያደርጉት መቆንጠጫዎቹን ሰብስቦ ድርቅ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ኋላው ይሮጣል። ሰውነቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መቆንጠጫው ቀላ ያለ ነው።

ለ11ኛ ክፍል የሥነ ሕይወት ክበብ ይህንን ፍጥረት ከቅጠሉ ለይተን ለመቁጠር ማጥለያ ሠራን። የ5 ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ቆርጠን ገለበጥነው፤ ላዩ ላይ የመስኮት የትንኝ ወንፊት ወጠርን፤ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ያህል ሞላንበት፤ ከላይ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል፣ ከታች አረቄ ያለበት ብርጭቆ አደረግን። ቅጠሉ የተሰበሰበው በየካቲት አጋማሽ ከእግረኛ መንገዱ ዳር ነው፤ በጥቁር ፌስታል ታስሮ እስከ ዳንግላ መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ብርጭቆው ውስጥ የተገኘው አፈርና ሁለት ጉንዳን ብቻ ነው።

ፍጥረቱ ምንድን ነው? ልጆቹን ይነድፋል ወይ? ማጥለያው ላይስ የተሳሳተው የቱ ነው?

የቅጠል ሥር

መምህርት፣ አገላለጽዎ ጥርት ያለ ስለሆነ አያጠራጥርም፤ ሐሰተኛ ጊንጥ ነው። በሳይንሱ ሱዶስኮርፒዮን ይባላል። ከሸረሪት፣ ከመዥገርና ከእውነተኛው ጊንጥ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ስምንት እግር አለው፣ ክንፍና አንቴና የለውም። ያ ወደ ኋላ መሮጡ ብቻውን ያስለየዋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሁሉም ትልቁ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ አሴንሽን ደሴት ላይ የሚኖረው፣ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወገኑ እጅግ የቆየ ነው። አሜሪካ ኒው ዮርክ ውስጥ ጊልቦዋ ከተባለ ቦታ የወጣው ቅሪተ አካሉ 380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ያኔም መልኩ ከዛሬው ብዙም አይለይም ነበር።

አይነድፍም። መንደፊያ የሚሆን ጭራ ከነጭራሹ የለውም። መርዝ ያላቸው ዓይነቶች መርዛቸውን የሚያወጡት በመቆንጠጫቸው ጣት ጫፍ ነው፤ እሱም የሰው ቆዳ አይበሳም። የእርስዎ ደግሞ ፈዛዛ መልኩና ረጅም ቀጭን መቆንጠጫው ክቶኒዴ ወደሚባለው ቤተሰብ ይጠቁማል፤ የዚህ ቤተሰብ አባላት የመርዝ ዕጢ እንኳ የላቸውም። ልጆቹ በጣታቸው ከሚያነሱት ይልቅ በራሰ ቀጭን የቀለም ብሩሽ ጫፍ ነካ አድርገው ያንሱት፤ በጣት ከተያዘ ይጨፈለቃል።

የሚበላው ከእሱ ያነሱትን ነው፤ ስፕሪንግቴይል የሚባሉትን ዘላዮች፣ ማይት የሚባሉትን ጥቃቅን የመዥገር ዘመዶችና ትንንሽ ዕጮችን። ዓይኑ ደካማ ነው፤ አራት፣ ሁለት ወይም ጭራሽ ምንም ዓይን የሌላቸው ዝርያዎች አሉ፤ ያላቸውም ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙ አያልፉም። መቆንጠጫው ላይ ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከሌሎቹ ፀጉሮች ሁሉ የረዘሙ፣ እንደ ድር የቀጠኑ ጥቂት ፀጉሮች ቆመው ይታያሉ። አየሩ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይርገበገባሉ። አዳኙ ከፊቱ ምን እንዳለ የሚያውቀው በእነሱ ነው። እነዚህን ፀጉሮች ልብ ይበሉልኝ፤ ዝርያ ሲለይ ዋናው ነገር እነሱ ናቸው።

ወይራው

ስለ ማጥለያው ልመልስ። የተሳሳተው አንድ ነገር አይደለም፤ ትልቁ ስሕተት ግን አምፖሉ ላይ ነው።

ይህን ማጥለያ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌዜ እ.ኤ.አ. በ1905 በሙቅ ውኃ የሚሠራ አድርጎ አወጣው፤ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን በ1918 ሙቅ ውኃውን በአምፖል ተካው። ሁለቱም የተማመኑት በሙቀት ነው። ቅጠሉ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ሲመጣ እርጥበት የሚሹት ፍጥረታት ከድርቀቱ ፊት ፊት እየሸሹ ይወርዳሉ፤ በስተመጨረሻ መሸሻ ሲያጡ ከወንፊቱ ሾልከው ይወድቃሉ። ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም፤ ያለችው ጥቂት ሙቀትም የምትወጣው በአምፖሉ ጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ ቅጠላችሁ አልደረቀም፤ ፍጥረቱም ከቦታው የሚነሳበት ምክንያት አላገኘም። ቅጠሉ ካልተጣለ ነጭ ሳፋ ላይ በትኑትና እዩት፤ እዚያው ውስጥ ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።

የሚፈለገው የድሮው ባለ ክር ቢጫ አምፖል ነው፤ 25 ወይም 40 ዋት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ከቅጠሉ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በሁለተኛው ቀን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚያ በላይ ማቅረብ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ይደርቅና ቀርፋፋዎቹ ሳይወርዱ በመንገድ ይሞታሉ፤ ሐሰተኛ ጊንጥ ደግሞ ከቀርፋፋዎቹ ነው። ሁለተኛ፣ ደረቅ ቅጠልና የጋለ አምፖል እሳት ያስነሳሉ፤ ከታች ያለውም አልኮል ነው። የሣር ክዳን ባለበት ቤት አይሠራ፤ ማታ ማንም በማይኖርበት ክፍል በርቶ አይደር።

ሁለተኛው ስሕተት ወንፊቱ ነው። የትንኝ ወንፊት ቀዳዳ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሐሰተኛ ጊንጥ ሰውነቱ ቀጭን ቢሆንም መቆንጠጫዎቹን ዘርግቶ ነው የሚሄደው፤ ወርዱ ከዚያ ቀዳዳ ይበልጣል። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት ይሁን። ከዚያ ከሰፋ አፈሩ ሁሉ ይዘንብና ብርጭቆው ጭቃ ይሆናል። አፈር እንዳይወርድ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ፤ ወንፊቱን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ቅጠሉን መሙላት፣ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ፣ የወረደውን ሰብስቦ መልሶ ከላይ መበተን፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማጥለያው ላይ ማኖር። ብርጭቆው የሚደረገው ከሁሉም በኋላ ነው።

አንድ ስንዝር ቅጠልም በጣም ብዙ ነው። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በቂ ነው። ወፍራም ሲሆን መሐሉ ሳይደርቅ ይሻግታል። ቅጠሉን እንዳለ ከመሙላት አስቀድሞ በ8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው የአሸዋ ወንፊት መንፋት ይሻላል፤ ትልልቁ ቅጠልና ጭራሮ ይቀራል፣ ፍጥረቱና ብስባሹ ይወርዳል። ወንፊቱን ዝም ብሎ ማወዛወዝ አይበቃም፤ ወደ ላይ ወደ ታች ፈጠን አድርጎ ሠላሳ ጊዜ ያህል መነቅነቅ ነው፤ ቅጠል ላይ ሙጭጭ ብለው የሚይዙ ናቸውና።

ስለ ሃይላንዱ፦ ፕላስቲኩ ራሱ አይከፋም፤ የትከሻው ክብ ግን ገደል የለውም፤ የወደቀው ፍጥረት እዚያ ደልደል ያለው ላይ ይቀራል። ሌላው ጉዳት የእንፋሎት ጤዛ ነው። እርጥብ ቅጠል ሲሞቅ እንፋሎቱ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ያዛል፤ 2 ሚሊ ሜትር የምታህል ፍጥረት የውኃ ጠብታ ላይ ከወደቀች ተጣብቃ ትቀራለች። ቅጠሉ ከማጥለያው ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ ዙሪያውን የጣት ያህል ክፍተት ተዉለት፤ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል። በላሜራ የሚያሠራ ካለ ለቆርቆሮ ሠሪ የሚሰጠው ልክ ይኸው፦ የላይ አፉ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የታች ቀዳዳው 2 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር። ይህ ግድግዳውን 60 ዲግሪ ያህል ገደል ያደርገዋል። ብየዳው በውስጥ በኩል ጉብታ እንዳይተው ይንገሩት።

ሁለት ቀንም አይበቃም። ለዘጌ ዓይነት ቅጠል ከ5 እስከ 7 ቀን፤ ለጮቄ ዓይነት እርጥብ ብስባሽ ከዚያም በላይ። ማለቁ የሚታወቀው ቅጠሉ በእጅ ሲጨበጥ ኮሽ ብሎ ሲሰበር ነው።

መምህርት ዘዳንግላ

እግዜር ይስጥልኝ። ያልተጣለውን ቅጠል ልጆቹ ነገ ሳፋ ላይ ይበትኑታል። ሁለት ችግር አለ፤ ባለ ክር አምፖል ገበያ ላይ እየጠፋ ነው፤ መብራቱም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። መብራት ሳይፈልግ የሚሠራ አለ?

ጮቄ ማዶ

አለ፤ እንዲያውም ለእርስዎ የምመርጠው እሱን ነው። ዊንክለር ይባላል። ሙቀት አይፈልግም፤ ቅጠሉ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። የጉንዳን አጥኚዎች በየጫካው ይዘውት የሚዞሩት ለዚህ ነው።

ለአንዱ ሁለት ሜትር አቡጀዴ ይበቃል። በትራስ ልብስ ቅርጽ ረጅም ከረጢት ይሰፋል፤ ከላይ በገመድ የሚታሰር፣ ከታች እየጠበበ ሄዶ በብርጭቆ አፍ ልክ የሚጨርስ። ብርጭቆው ከታች በላስቲክ ይታሰራል። በውስጡ የሚንጠለጠል ሌላ ጠባብ ከረጢት ከ4 ሚሊ ሜትር መረብ ይሰፋል፤ ወርዱ ሦስት አራት ጣት፣ ጠፍጣፋ ይሁን። የተነፋው ቅጠል እዚህ ውስጥ ይገባል። ጠፍጣፋ የሚሆነው በሁለቱም ጎን እኩል እንዲደርቅ ነው፤ እንደ ድንች ጆንያ ካበጠ መሐሉ እርጥብ ይቀራል፤ ፍጥረቱም ወደ ውጭ ሳይሆን ወደዚያ መሐል ይሸሻል። ይሄ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ባዶ ብርጭቆ የሚያመጣውም እሱ ነው።

ነፋስ በማይገባበት ክፍል ይሰቀል፤ ሲወዛወዝ አፈር ይወርዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የውስጡን ከረጢት ቀስ ብሎ አውጥቶ ቅጠሉን ሰፌድ ላይ መገልበጥ፣ በእጅ አገላብጦ መልሶ መሙላት ያስፈልጋል። ሰፌዱ ላይ የቀረውን አቧራ አይጣሉት፤ ፍጥረቱ ያለው እዚያ ነው፣ ከላይ መልሰው ይነስንሱት። ለጉንዳን ሦስት ቀን ይበቃል፤ ለሐሰተኛ ጊንጥ አምስት ቀን ይስጡት።

አሁን ደግሞ ስለ ወቅቱ። በየካቲት የላይኛው ቅጠል እንደ ሸንኮራ ልጣጭ ደርቋል። ፍጥረቱ አልጠፋም፤ ወደ አፈሩ ወርዷል፣ ድንጋይ ሥርና የበሰበሰ ግንድ ሥር ገብቷል። በክረምቱ ውስጥ ደግሞ ቅጠሉ ውኃ ጠጥቶ ስለሚጣበቅ መንፋት አይቻልም። ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው፤ ዝናብ ከጣለ አንድ ቀን አሳልፎ። ቅጠሉ ሲጨበጥ እጅ ማርጠብ አለበት፤ ውኃ መንጠብ ግን የለበትም።

ቦታውም ይለያል። የእግረኛ መንገድ ዳር የተረገጠና የተጠረገ ነው፤ ቅጠሉ በየዓመቱ ይነሳል። የሾላ ሥር እንደ ግድግዳ ቆሞ ቅጠል ያቆረበት ጓዳ፣ የድንጋይ ካብ ጥግ፣ የወደቀ ግንድ ጎን ይፈለግ። እዚያ የላዩን ደረቅ ቅጠል ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ጥቁር ብስባሽ ከነሥረ መሠረቱ፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አፈር ጨምሮ መውሰድ ነው። ሐሰተኛ ጊንጡ ያለው ቅጠሉ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት በዚያች ስስ ንብር ነው።

ጥቁር ፌስታል ፀሐይ ካገኘው ምድጃ ነው። የጨርቅ ከረጢት ይሁን፤ ከላይ ጥቂት እርጥብ ቅጠል ጣል ይደረግበት፤ ጥላ ውስጥ ይጓዝ። የማዳበሪያ ጆንያም አይሁን፤ ታጥቦ እንኳ ስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ርዝራዥ ጨው ነው፣ ቆዳቸው ስስ የሆኑትን ይጎዳቸዋል።

የቅጠል ሥር

አረቄው ቀርቶ ነበር፤ እሱን ልጨምር። ዳግም አረቄም ቢሆን ከ70 በመቶ በታች ነው፤ ፍጥረቱ ውስጡ ይበሰብሳል፣ መገጣጠሚያው ይላላና እግሩ ይወልቃል። ከፋርማሲ የሚገዛው የ70 በመቶ አልኮል እንዳለ ይሠራል። የ97 በመቶ ካገኙ 825 ሚሊ ሊትር ለክተው እስከ 1 ሊትር ውኃ ይሙሉበት፤ 80 በመቶ ይሆናል፤ ለማቆየት የምመርጠው ይህንን ነው። ለዘረ መል ምርመራ የሚቀመጥ ካለ ግን 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይሁን። ብርጭቆው ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ በየቀኑ ስለሚተን ይጨመርበት።

መለያ ወረቀቱ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል። ወረቀቱ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈ ይላቀቃል። ቦታ፣ ከፍታ፣ የዛፉ ዓይነት፣ የተሰበሰበበት መንገድ፣ የሰብሳቢው ስም፣ ቀን። ቀኑ ላይ እባካችሁ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ፤ «ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 22 ኦክቶበር 2024» እንደማለት። 12/2/2017 ብቻ ተብሎ የተጻፈ ናሙና ሌላ አገር ላለ አጥኚ የ2017 ፌብሩዋሪ ወይም ዲሴምበር ነው፤ ሰባት ዓመት ይሳሳታል፣ ወቅቱም ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

ወይራው

ቀደም ብሎ መልኩ ፈዛዛ ስለሆነ ክቶኒዴ ነው የተባለው ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። የሁሉም ቤተሰብ ግልገሎች ፈዛዛ ናቸው፤ ገና ቆዳውን የጣለ ትልቅም እንዲሁ ነጣ ይላል። በመልክ ብቻ አይለይም።

የቅጠል ሥር

ልክ ነው፣ እርማቱን እቀበላለሁ። እንግዲያው በ40 እጥፍ አጉሊ መነጽር የሚታየውን ልናገር።

መጀመሪያ ዕድሜው። እነዚያ እንደ ድር የቀጠኑት ረጃጅም ፀጉሮች ከዕድሜ ጋር ይጨምራሉ። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ትልቁ በማይንቀሳቀሰው ጣት 8፣ በሚንቀሳቀሰው 4 አለው። ከዚያ በታች ያሉት ሦስት የግልገል ደረጃዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው 3 እና 1፣ ሁለተኛው 6 እና 2፣ ሦስተኛው 7 እና 3። ስለዚህ 7 እና 3 ከቆጠሩ ገና አንድ ጊዜ ቆዳ ይጥላል ማለት ነው፤ ዝርያውን ለመለየት አይድከሙ።

ቀጥሎ እግሩ። የእግሩን የመጨረሻ ክፍል፣ ጥፍሩ ያለበትን፣ ይመልከቱ። የፊተኞቹ ሁለት ጥንድ እግሮች መጨረሻ አንድ ቁራጭ፣ የኋለኞቹ ሁለት ጥንድ ደግሞ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የክቶኒዴ ወገን ነው። በሁሉም እግሮች ሁለት ሁለት ከሆነ እንደ ጂኦጋሪፒዴና ኦልፒዴ ያሉት ናቸው። በሁሉም አንድ ብቻ ከሆነ እንደ ዊቲዴና አተምኒዴ ያሉት ናቸው። ክቶኒዴ ከሆነ ሌላም ያግዛል፤ የጀርባ ጋሻው በፊት በኩል ሰፋ ይላል፣ አፉ ላይ ያሉት ትንንሽ መቆንጠጫዎች ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸሩ ግዙፍ ናቸው። ጂኦጋሪፒዴ በተቃራኒው ጋሻው ወደ ፊት እየጠበበ ሦስት ማዕዘን ይመስላል።

ከቤተሰብ በታች ለመውረድ መቆንጠጫውን ከአንድ ጎን ብቻ ማላቀቅ፣ በላክቲክ አሲድ ጥቂት ሰዓት አስተኝቶ ማጥራት፣ ከዚያ በግሊሰሪን መስተዋት ላይ ማየት ያስፈልጋል። የሌላኛው ጎን ሳይነካ ይቀመጥ። ለትምህርት ቤት እስከ ቤተሰብ መድረስ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከፎቶ ብቻ የዝርያ ስም የሚሰጥ ሰው ቢመጣ አይመኑት።

ስለ ፎቶ ካነሳሁ፦ አልኮል ውስጥ ሆኖ ይንሸራተታል። ሽታና ቀለም የሌለው የእጅ ማጽጃ ጄል በትንሽ ሳሕን ጠብ አድርጎ፣ በውስጡ አስተኝቶ፣ ከላይ አልኮል ማልበስ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ጄሉ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ መጀመሪያ በመርፌ ይውጣ። አንዱ ከጀርባ፣ አንዱ መቆንጠጫው በጎን፣ ከጎኑ የሚሊ ሜትር ማስመሪያ።

ቀፎ ሰቃይ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ንብ ቀፎ ውስጥም እንዲህ ያለ ጭራ አልባ ጊንጥ ይታያል፤ ቀፎው ሲከፈት በእንጨቱ ስንጥቅ ይገባል። ይኸው ራሱ ነው? ንቡን ይጎዳል?

ጮቄ ማዶ

ወገኑ አንድ ነው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። በአፍሪካ የንብ ቀፎ ውስጥ የሚኖሩት ኤሊንግሴኒየስ የሚባሉት ናቸው፤ ከቅጠል ሥሮቹ ይተልቃሉ፣ ጠቆር ይላሉ። ከቀፎ ወደ ቀፎ የሚሄዱት ንቧን ይዘው ነው። ይህ ለወገኑ የተለመደ ነው፤ የዝንብ ወይም የጢንዚዛ እግር በመቆንጠጫቸው ጨብጠው የሚጓዙ ብዙ ዝርያዎች አሉ። ንቡን አይጎዱም፤ ስለዚህ ቀፎው ውስጥ አይግደሏቸው፤ በጢስም አያባርሯቸው።

የሰበካው ልጅ

መምህርት፣ ቅጠሉ የሚወሰደው ከቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ አስቀድሞ ከደብሩ አለቃና ከሰበካ ጉባኤው ጋር መነጋገር ግድ ነው። ደኑ የቅጽሩ አካል ነው፤ ቅጠሉም ቢሆን ከዚያ ወጥቶ ሲሄድ ሰው ይጠይቃል። ምን እንደሚወሰድ፣ ስንት እንደሚወሰድ፣ የተረፈውም እንደሚመለስ ይነገራቸው። ለቤተ መቅደሱ ቅርብ ያለው ግቢ የሚጠረግ ስለሆነ ለሥራችሁም አይጠቅም፤ ከውስጠኛው ካብ ውጭ ያለውን ጠይቁ። በአንዳንዱ ገዳም ሴቶች የማይገቡበት ስላለ ያንንም ቀድሞ መጠየቅ ነው። የደረቀው ቅጠል ሥራው ሲያበቃ ወደ ወጣበት ይመለስ፤ የዛፉ ዘር በውስጡ አለና።

ናሙናውን ከአገር ውጭ ላለ አጥኚ ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያዝዛል። በፖስታ ዝም ብሎ አይላክም።

መምህርት ዘዳንግላ

የተረፈው ቅጠል ሳፋ ላይ ተበተነ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ አሥር ደቂቃ ሳንነካ ስንጠብቅ ግን መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ አራት ተገኙ። አንዷ ከሌሎቹ ትለያለች። ሆዷ ሥር ነጭ፣ እንደ ሰሊጥ ቅንጣት ግማሽ የምታህል እብጠት አለ፤ ስትሄድ መሬት እየነካ ይጎተታል። በሽታ ነው ወይስ ማይት ተጣብቋት?

የቅጠል ሥር

በሽታ አይደለም፤ እንቁላሎቿን የያዘ ከረጢት ነው። ወንዱ የዘር ፈሳሹን በትንሽ ዘንግ ጫፍ መሬት ላይ ያቆምላታል፣ እሷ ትወስዳለች፤ ከዚያ እንቁላሎቹን ሆዷ ሥር በዚህ ከረጢት ተሸክማ ከራሷ ሰውነት በሚወጣ ፈሳሽ ትመግባቸዋለች። አጉሊ መነጽር ሥር ቀስ ብላችሁ ብታዩ በስሱ ሽፋን በኩል ክብ ክብ ነጠብጣቦች ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዚህ ጊዜ አፋቸው ላይ ካለው መቆንጠጫ ድር አውጥተው ከአፈር ቅንጣት ጋር እየለጠፉ የምስር ፍሬ የምታህል ጎጆ ይሠራሉ፤ ድሩ እንደ ሸረሪት ከኋላ አይወጣም። ቅጠሉን ስትበትኑ እንዲህ ያለች የአፈር ቋጠሮ ካገኛችሁ አትስበሯት፣ ውስጧ ባለቤት አለች።

እሷን አልኮል ውስጥ አትጨምሯት። ሦስቱ ለመለየት ይበቃሉ። ክዳኑ በመርፌ በተበሳ ትንሽ ዕቃ፣ ከሥሩ አንድ ጣት እርጥብ ብስባሽና አንድ ቁራጭ ቅጠል አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጧት፤ በየሁለት ቀኑ ብስባሹ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የዝናብ ውኃ ይበቃል፤ ክዳኑ ውስጥ ጤዛ ካያችሁ ለአንድ ቀን አትጨምሩ። ዘጌ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ከወጣችበት ዛፍ ሥር ትመለስ። የግድ መቀመጥ ካለባት ግን ከረጢቷ እንዳይላቀቅ ለብቻዋ ብልቃጥ ይኑራት፤ መለያዋም ላይ «ከእንቁላል ከረጢት ጋር» ተብሎ በእርሳስ ይጻፍ።